ወንበሩ ይዘላት

ሥራዬን ያስተወኝ ጉልበቴ ነው። አቅም ማለቴ አይደለም፤ አቅሙ አሁንም አለኝ። የምለው የሚታጠፈውን፣ የሚንበረከከውን ጉልበት ነው። የሕፃን ወንበር መኪና ላይ አጥብቆ ለማሰር እጅ ብቻ አይበቃም። አንድ ጉልበት ወንበሩ መሃል ይገባል፣ የሰውነት ክብደት እሱ ላይ ያርፋል፣ ቀበቶው ያኔ ተስቦ ይጠብቃል። ይህንን እዚህ አሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የመኪና ማቆሚያዎች፣ አስፋልቱ በሚፋጅበት በሐምሌም፣ በረዶውን ለማቅለጥ ጨው በተነሰነሰበት በጥርም ስሠራ ኖሬ ቀኝ ጉልበቴ አንድ ቀን እምቢ አለ። ሐኪሙ ራጁን አየና "ምን ዓይነት ስፖርት ይሠሩ ነበር?" አለኝ።

"ካር ሲት" አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የጠየቀኝን ነው የመለስኩት።

በለቅሶም በሰርግም ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ መልሱ ያስቸግረኝ ነበር። "ወንበር እገጥማለሁ" ስል፣ "የኛ ቤት ጠረጴዛ እግሩ ወልቋል፣ ለሱም ትመጪያለሽ?" ያለችኝ ሴት አለች። "የሕፃን ወንበር ነው፣ መኪና ላይ" ስል ደግሞ "ለሱም ሰው ይቀጠራል?" ይሉኛል። ይቀጠራል። ደመወዙ ብዙ ባይባልም የቤት ኪራዬን ችሎ አኑሮኛል። የምስክር ወረቀቱ በየጊዜው ይታደሳል። ስለ ወረቀቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ስለ ሥራው ግን አለኝ።

እንደ ፈረንጅ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ በወላዶች ፎቅ፣ አንሶላ ቀያሪ ነበርኩ። አገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ለአንሶላ ከሚያስፈልገው በላይ ነበር። ስለዚህ አበሻ ወላድ ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን ነርሶቹ እየጠሩ ያስተረጉሙኛል። ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እናቲቱ በተሽከርካሪ ወንበር በሩ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ሕፃኑን ታቅፋለች፣ አባትየው ደግሞ ካር ሲቱን ከነካርቶኑ፣ ፕላስተሩ ሳይላጥ፣ በሁለት እጁ እንደ ኬክ ይዞ ቆሟል።

አስተሳሰሩን ሊያስተምር በሩ ላይ የሚጠብቃቸው ሰው ሚስተር ኦቲስ ይባላል። ከእሳት አደጋ ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ከፊቱ ትልልቅ ኪስ ያለው ሽርጥ ያደርጋል። ቤተሰቡ ሲመጣ መጀመሪያ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ እስኪጨርሱም አያወጣም። አባቶች ይበሳጩበት ነበር። አንዱ በአማርኛ "ይሄ ሰውዬ ብርድ ይዞታል እንዴ? ለምን አያግዘኝም?" ሲለኝ ተረጎምኩለት።

"ዛሬ እኔ ካሰርኩት" አለ ኦቲስ፣ "ልጁ አስታውኮበት ሲያጥቡት ማን ይመልሰዋል? እኔ ቤታቸው አልሄድም። እጁ እንዲያውቀው ነው የምፈልገው።"

ሌላም ልማድ ነበረው። የወንበሩን መመሪያ መጽሐፍ ሳያነብ ምንም አይናገርም። ያንኑ ወንበር በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ አይቶት እንኳ፣ መነጽሩን አውጥቶ፣ እንደ አዲስ ሰው ገጽ በገጽ ይገልጠዋል። "የማውቀው የትናንቱን ነው" ይላል። ለማሳያ የሚጠቀምበት አሻንጉሊት ነበረው፤ ሚስቱ ሰፍታ ሩዝ የሞላችው፣ የእውነት ሕፃን ያህል የሚከብድ። ከሌላ ፋብሪካ ሠራሽ አሻንጉሊት ጋር አይለውጠውም።

አንድ ቀን ተርጉሜ ስጨርስ ዞር ብሎ አየኝ። "እኔ አንድ ነገር ስል አንቺ ሦስት ትያለሽ። ምንድን ነው የምትጨምሪው?"

"የቀረውን" አልኩት።

"የቀረው ምንድን ነው?"

"አንተ 'ካፖርት አውልቁለት' ትላለህ። እኔ ለምን ብርድ እንደማይመታው ካልነገርኳቸው እዚህ አውልቀው ጥጉ ጋ ሲደርሱ መልሰው ያለብሱታል።"

በሚቀጥለው ወር የወንበር ገጣሚዎች ሥልጠና ላይ አስመዘገበኝ። አንሶላውን ለሌላ ሰው ትቼ ሽርጥ አጠለቅኩ።

ሥራውን ለማያውቅ ትንሽ ልናገር። የመኪናው ቀበቶ መጨረሻው ድረስ በዝግታ ይሳባል፤ ሲመለስ ጥርስ እንዳለው ነገር እየተንቀጫቀጨ ከገባ ተቆልፏል ማለት ነው። ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ መሳብ። ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ወንበሩን ይዞ ግራና ቀኝ መነቅነቅ ነው፤ ከአንድ ኢንች በላይ ከሄደ ይፈታና እንደገና ይታሰራል። የልጁ ትከሻ ላይ ያለው ማሰሪያ በሁለት ጣት ይቆነጠጣል፤ ጣት ውስጥ የሚገባ እጥፋት ካለ ላልቷል። የደረቱ ቁልፍ በብብቱ ትክክል ይሆናል፣ እሆዱ ላይ አይደለም። አራስ ልጅ በጣም ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ አንገቱ ወደፊት ይወድቅና ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ የወንበሩ ጋደል ማለት ይለካል።

የኛ ሰው ከማንም በላይ የሚቸገረው በብርድ ነገር ነው። ሁለት ኮፍያ፣ ወፍራም ቱታ፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ በላዩ ጋቢ፤ ልጁ የት እንዳለ ፈልጌ ያገኘሁበት ቀን አለ። ያን ጊዜ አልከራከርም። እንዳለ አሳስሬ፣ ማሰሪያውን ሳላጠብቅ ልጁን አስወጥቼ፣ ወፍራሙን አስወልቄ መልሼ አስገባዋለሁ። ማሰሪያውና ልጁ መሃል ሌላ ሕፃን የሚያስገባ ቦታ ይቀራል። "መንታ ነበር እንዴ የምትጠብቁት?" እላለሁ። ይስቃሉ። ልብሱ ከታሰረ በኋላ ከላይ ጣል ይደረግለታል፤ ያን ጊዜ ብርድም አይመታውም፣ ማሰሪያውም አይላላም።

በዚህ ሥራ አንድ ከባድ ውድቀት ደርሶብናል። 'ደርሶብናል' የምለው እኔንና ኦቲስን ነው።

ከጀርመንታውን የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ስማቸውን አልጽፍም። ሴት ልጃቸው ገና አንገቷ አልጠናም። ከእነሱ ጋር የሚስትየው እናት አሉ፤ ከአገር ቤት አራሷን ሊጠይቁ የመጡ፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ ትልቅ ሰው። እኔ እጅ ነሥቼ ሰላም አልኳቸው፣ ከቢሮ ወንበር አምጥቼ ጥላ ቦታ አስቀመጥኳቸው፣ ውሃ ሰጠኋቸው። አክብሬያቸው ነው። ባልና ሚስቱ ተራ በተራ አሰሩ፣ ፈቱ፣ እንደገና አሰሩ። ኦቲስ ወንበሩን ቢነቀንቀው መኪናው ነው አብሮ የሚነቃነቀው። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ አስተሳሰር ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አባትየው ኮል አደረገልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። መንገዱ ላይ ትራፊክ ድንገት ቆሞ ከፊታቸው ያለውን መኪና ገጭተዋል። ትልቅ አደጋ አልነበረም፤ አዋቂዎቹ በእግራቸው ነው የወረዱት። ልጅቷ ግን ወንበሯ ላይ አልነበረችም። አልቅሳ አያቷ አውጥተው ታቅፈዋት ነበር።

ልጅቷ ተርፋለች። በአንድ ጎኗ ግን ደከም እንዳለች ቀርታለች።

ቤታቸው ሄድኩ። አያቲቱ ሁለቱም የእጃቸው አንጓ በጀሶ ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸው ቀደሙኝ።

"አለቀሰች" አሉ። "ልጅ ሲያለቅስ ይታቀፋል። ሌላ ምን አውቃለሁ? ለነሱ ነገራችኋቸው፣ አሳያችኋቸው። እኔን ማን ነገረኝ?"

ወንበር ሰጥቻቸው ነበር፤ በዚያው ከነገሩ አወጣኋቸው። ባልና ሚስቱ ከፊት ነው የሚቀመጡት። መኪናው ሲሄድ ከልጅቷ አጠገብ ያለችው እጅ የሳቸው ብቻ ነበረች።

አባትየው ካር ሲቱን ይዞልኝ ወረደ። አደጋ ያየ ወንበር ሌላ ልጅ እንዳይቀመጥበት ማሰሪያው ተቆርጦ ይጣላል፤ ደንቡ ነው። ማቆሚያው ላይ አስቀምጬ በመቀስ ቆረጥኩት። አንድ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

ለኦቲስ በማግስቱ ነገርኩት። "እኔም ጠይቄ አላውቅም" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመጣው ቤተሰብ ሁሉ መኪናውን ሳያቆም የሚጠየቀው አንድ ነገር ሆነ፦ መኪናው ሲሄድ ሕፃኑ አጠገብ የሚቀመጠው ማነው? መልሱ አያት ከሆነ፣ የሚያስሩት አያት ናቸው። ትልቅ ሰው ጥላ ስር ማስቀመጥ ቀረ።

ኦቲስ ሁለተኛውን ጡረታ ሲወጣ አሻንጉሊቱን ለእኔ ተወልኝ። እኔ ደግሞ ወንዙን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ተመደብኩ።

አለቃዬ ካረን የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። ፈጣን ናት፤ አንድ መኪና ላይ ለምን ያን ያህል እንደምቆይ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፣ እኔም በየሳምንቱ አንድ ዓይነት መልስ እሰጣታለሁ። ግን በአንድ ነገር እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። አማርኛ አንድ ቃል ሳታውቅ፣ የአማርኛው ማስታወቂያችን ላይ ስህተት ያገኘችው እሷ ናት።

ማስታወቂያው "ሕፃኑን ሁልጊዜ ወደ ኋላ አድርገው ያስቀምጡ" ይላል። ተርጓሚ ቢሮ ነው የሠራው፤ እኔም አንብቤ ልክ ነው ብያለሁ። ካረን ግን "ገብቷችኋል ወይ ብለሽ አትጠይቂ፤ አዎ ነው የሚሉሽ። ወረቀቱን ስጪያቸውና አድርጉ በያቸው" አለች። ዱክ ስትሪት ካለው ማቆሚያችን ላይ ለአንድ አባት ሰጠሁት። አነበበ፣ ወንበሩን የኋላ መቀመጫ ላይ አደረገ፣ የልጁን ፊት ወደ ሾፌሩ አዞረ፣ እጁን አራግፎ ቆመ።

"ወደ ኋላ ነው የሚለው እኮ" አልኩት።

"ታዲያ ይሄ ወደ ኋላ አይደለም? ጋቢና አላስቀመጥኩት!"

እውነቱን ነው። እኛ ፊቱ ወደ ኋላ ይዙር ማለታችን ነው፤ እሱ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ ማለት መሰለው። በአማርኛችን ሁለቱም ወደ ኋላ ነው። ሌላ አምስት ስድስት ሰው ብጠይቅ ግማሹ እንደሱ አደረገ። ወረቀቱ ተሰብስቦ "የሕፃኑ እግር የመኪናውን መደገፊያ ይርገጥ፣ ጀርባው ለሾፌሩ ይሁን" ተብሎ ታተመ። ቃሉ ረጅም ነው፤ የሚያሳስት ግን አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ አጭር ቃል እየፈለግኩ ነበር። ቃሉን የሰጡኝ እማማ ጥሩወርቅ ናቸው።

እማማ ጥሩወርቅ የሰብለ እናት ናቸው። ሰብለ ቫን ዶርን አካባቢ የምትኖር ወጣት እናት ናት፤ ባሏ አማኑኤል ታክሲ ይነዳል። አንድ አርብ ቀን ደወለችልኝ።

"እትዬ፣ ሲቱ አስተሳሰሩ ደህና ነው፣ ቼክ አስደርጌዋለሁ" አለች። "ችግሩ እማዬ ናት። ልጄ ሶልያና ትንሽ ካለቀሰች መኪናው እየሄደ ፈትታ ታቅፋታለች። እናቴን እንዴት ልቆጣ? እሁድ ደግሞ ክርስትናዋ ነው፣ ሰማንያ ቀኗ። ቤተ ክርስቲያናችን ሜሪላንድ ነው፣ በቤልትዌይ ነው የምንሄደው፣ በፈጣኑ መንገድ። እማዬ 'ስንመለስ ክርስትና እናቷ ታቅፋት ትመጣለች' ብላ ለሁሉ ተናግራለች። አማኑኤልም ያንን በቪዲዮ ሊቀርጽ አስቧል።"

"ነገ ሁላችሁም ኑ" አልኳት። "እማማንም ይዘሽ።"

ቅዳሜ መጡ። አማኑኤል ገና ሳይወርድ በመስኮቱ "እትዬ፣ ይሄን መንገድ ቤልትዌይ ያሉት ቤልት እሰሩ ሲሉን ነው አይደል?" አለኝ። በየማቆሚያው የምሰማት ቀልድ ናት፤ ፈገግ አልኩለት። እማማ ጥሩወርቅ ወረዱ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ የደብረ ታቦር ሴት ናቸው። ወንበሩን በጣታቸው ጠቆሙኝ።

"አንቺ ነሽ አሉ የዚህ ነገር አዋቂ። እስኪ ንገሪኝ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞሩት ምን አጥፍታ ነው?"

"ምንም አላጠፋች፣ እማማ። ስንት ልጅ አሳድገዋል?"

"ሰባት ወልጃለሁ። የሰው የሰውን አልቆጠርኩም።"

"ሁሉንም አዝለው?"

"ታዲያ በምን? እንደናንተ በታክሲ?"

አማኑኤል ሳቀ። "አንቀልባ ይዘው መጥተዋል?" አልኳቸው።

ሰብለ ቀደመቻቸው። "ሻንጣዋን ግማሽ የያዘው እሱ ነው። የመኪናው ትራንክ ውስጥ አለ፤ ያለሱ ከቤት አትወጣም።"

አንቀልባው ወጣ። ቆዳው ለስልሷል፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል አለው። የኦቲስን አሻንጉሊት ሰጠኋቸው። ክብደቱን በእጃቸው መዘኑና ቅንድባቸውን አነሡ፤ ደስ አላቸው። "እስኪ ይዘሏት" አልኩ።

ጎንበስ ብለው አሻንጉሊቱን ጀርባቸው ላይ አጋደሙት፣ አንቀልባውን ጣል አደረጉበት፣ ማሰሪያዎቹን አጠላልፈው ወገባቸው ላይ ጥርቅም አድርገው ቋጠሩ። እኔ ቀበቶውን ከመኪናው ሳልስብ ጨረሱ።

"አሁን ትንሽ ላላ ያድርጉልኝ።"

"ምን?"

"እንዳይጨንቃት። ትንሽ ላላ።"

"ምን ነካሽ አንቺ! ልጅቱ ትውደቅ?"

"ብታለቅስስ? የገበያ መንገድ ላይ ሆነው ብታለቅስ ይፈቷታል?"

"መንገድ ላይ ማን ይፈታል? እንዳዘልኳት ቸብ ቸብ አደርጋታለሁ። ቤት ስደርስ እፈታታለሁ።"

"እሺ። አሁን ፈጠን ብለው ይራመዱና ድንገት ቀጥ ይበሉ።"

ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ተራመዱ። ሦስተኛው መኪና ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

"አሻንጉሊቷ የት ሄደች?"

"የት ትሄዳለች? ጀርባዬ ላይ ተለጠፈች።"

"ጀርባዎ ባይኖርስ?"

አሻንጉሊቱን እንዳዘሉ ወደ መኪናው ተመለሱ፣ ጎንበስ ብለው ሶልያናን በወንበሯ ውስጥ አዩአት። መኪናው ሲሄድ ወዴት እንደሚሄድ በእጃቸው አመለከቱ፣ ቀጥ ሲል ልጅቷ ወዴት እንደምትሄድም አመለከቱ። እጃቸው የወንበሩ መደገፊያ ላይ አረፈ። እኔ ሁለት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ጠበቅኩ።

"እና ይሄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አዝሏታል ነው የምትይኝ።"

"አዝሏታል። እርስዎ በሆዷ ያዝሏታል፣ እሱ በጀርባዋ።"

"ፊቷን ያዞረችው ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው። ፊቷን ወደኛ ብናደርገው ቀጥ ሲል የሚይዛት ጀርባ የለም።"

ቀና አሉና ወደ ሰብለ ዞሩ። "ይኼን ሁሉ ቀን 'ሴፍቲ፣ ሴፍቲ' ትይኛለሽ። ወንበሩ ይዘላት አትይኝም ነበር?"

ሰብለ አፏን ያዘች። እኔ ግን ያን ጊዜ አጭሩን ቃል አገኘሁት።

ከዚያ እሳቸው አሰሩ። ሰብለ ልታግዝ ብትል እጇን መቱት። የትከሻውን ማሰሪያ ሳቡ፣ ቆነጠጡ፣ ገና ነው አሉ፣ እንደገና ሳቡ። "እናንተ ማሰር የት ታውቃላችሁ" አሉ ለአማኑኤል፣ "ጫማችሁ እንኳ ያለ ክር ነው።" ልጅቷ ስታለቅስ ምን እንደሚደረግ ተስማማን፦ ወንበሩን ከጎኑ ቸብ ቸብ ማድረግ፤ ካልሆነ መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ይቆማል፣ ያን ጊዜ ትፈታለች። መኪናው ካልቆመ አትፈታም።

አንድ ነገር ግን ሳይነሣ ቀረ። ክርስትና እናቷን በተመለከተ እሳቸው ምንም አላሉም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ለሁሉ የተናገሩት ነገር ነው። በሰው ፊት ቃላቸውን እንዲያጥፉ ትልቅ ሰው አይጠየቅም። ሌሊቱን ግን የጀርመንታውኗ ልጅ ከሐሳቤ አልወጣችም።

እሁድ ጠዋት ክርስትናው ላይ ተገኘሁ፤ ሰብለ ጠርታኝ ነበር። ሥርዓቱ አልቆ ሰው ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ። ሶልያና ነጭ ለብሳ፣ ማተቧ አንገቷ ላይ፣ በክርስትና እናቷ በሂሩት እቅፍ ነች። እልልታ አለ። አማኑኤል የኋላውን በር ከፍቶ ስልኩን ደገነ። ሂሩት ቀሚሷን ሰብስባ ልጅቷን እንደታቀፈች ገባችና ተቀመጠች። ወንበሩ አጠገቧ ባዶውን ነው። ሰብለ ከሩቅ አየችኝ።

"አማኒ፣ ሲቱ ላይ እናድርጋት" አለች።

"ሰብልዬ፣ ዛሬ አንድ ቀን ነው! ክርስትና እናቷ ናት እኮ።"

"እሁድ ጠዋት ቤልትዌይ ባዶ ነው" አለ አንድ አጎት። "ቀስ ብሎ ይነዳል" አለች ሌላ ሴት። "ወጉ ነው" አሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ባንድ ላይ። እኔ እግሬ ሊሄድ ተነሣና ያዝኩት። እንግዳ ነኝ። እኔ ብናገር ልጅቷ ዛሬ ትታሰርና ነገ ከቤት ሲወጡ ትፈታለች። እጆቼን ካፖርቴ ኪስ ከተትኩ።

እማማ ጥሩወርቅ በሰው መሃል ገፍተው መጡ። በሩ ላይ ጎንበስ አሉ።

"ሂሩት ልጄ፣ ቄሱ ፊት ያቀፍሻት ይበቃል። አምጫት።"

"እማማ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ 'ታቅፈሽ ትመለሻለሽ' ያሉኝ?"

"ብያለሁ። መኪና ውስጥ ግን ወንበሩ ይዘላት።"

"እማዬ፣ ወግ ነው እኮ!" አለ አማኑኤል፤ ስልኩ አሁንም በእጁ ነው።

ቀና ብለው አዩት። "ወጉን ከአገር ቤት ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ። ከሱ እኩል ደግሞ አንቀልባም አምጥቻለሁ። ያን ቪዲዮህን እጄ ላይ አድርገው፣ ስታሰር ትታይ።"

ልጅቷን ተቀበሉ። ወፍራሙን መጠቅለያ አወለቁ፣ አስቀመጡ፣ ሳቡ፣ ቆነጠጡ፣ እንደገና ሳቡ። የደረቱን ቁልፍ ወደ ብብቷ ገፉት። ሲጨርሱ ነጠላቸውን ከላይ አለበሷት። ልጅቷ አለቀሰች። አጠገቧ ገብተው ተቀመጡና የወንበሩን ጎን ቸብ ቸብ ማድረግ ጀመሩ። በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ወጣ። ሌሎቹ እየተከተሉት ሄዱ።

እጆቼን ከኪሴ ሳወጣ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ጨብጬያቸው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ቃሉን በየሄድኩበት ተጠቀምኩበት። ከፎልስ ቸርች የመጡ አያት ቢሆኑ፣ ከጎንደር ከመጡ ገና ሁለት ሳምንታቸው ቢሆን፣ "ወንበሩ ይዘለው" ስል ማብራሪያ የጠየቀኝ የለም። አዳዲስ ሠራተኞች ሲመጡም አስተማርኳቸው። ጉልበቴ እምቢ ሲል አሻንጉሊቱን ለነሱ ትቼ ወጣሁ።

ባለፈው ክረምት የግሪንቤልቷ የእህቴ ልጅ ቤዛ ወንድ ልጅ ወለደች። ወንበሩን ልታስፈትሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ማንነቴን እንዳትናገር አስጠንቅቄያት ነበር። የመጣችው ቴክኒሻን እዚህ የተወለደች፣ ፀጉሯን ቁጥርጥር የተሠራች ልጅ ናት። አማርኛዋ ይደናቀፋል።

"እማማ፣ ቤቢው አጠገብ የምትቀመጪው… ሶሪ፣ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ኦኬ፣ እንግዲህ እርስዎ ይሥሩት። እኔ አልነካም።" እጆቿን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

"ጉልበቴ አይታጠፍም" አልኳት።

"ኖ ፕሮብለም። በክንድዎ ይጫኑት፣ እንደዚህ፣ ክርንዎን ሎክ ያድርጉና፣ ቀጥ።"

በክንዴ ተጫንኩት። ሠራ። ያን ያህል ዘመን ጉልበቴን ለምን እንዳደከምኩት ገረመኝ። ነቀነቅኩት፤ አልተነቃነቀም። ልጁን አሰርኩ፣ ቆነጠጥኩ፣ እንደለመድኩት የወንበሩን እጀታ ወደ ኋላ አጠፍኩት። ጨርሻለሁ ብዬ ቀና አልኩ።

"ይሄኛው ላይ እጀታው ወደ ላይ ነው የሚቆመው" አለች። "ማንዋሉን አንብበውታል?"

አላነበብኩትም። ቤዛ ሳቋን መያዝ አቅቷት "እሷ እኮ…" ስትል በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። መነጽሬን አወጣሁና ገጹን ገለጥኩ። ልጅቷ ልክ ናት። እጀታውን አቆምኩት።

"ፐርፌክት" አለች። "ካለቀሰ መኪናው ሳይቆም እንዳይፈቱት። ወንበሩ ይዘለው።"

"ይህን አባባል ከየት አገኘሽው?"

"ትሬኒንግ ላይ። አበሻ ቴክኒሻን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ 'ይዘል' ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አያቴን ጠየቅኳት፣ ተነሥታ በፎጣ አዝላ አሳየችኝ። የቤታችንን ድመት!"

መኪናው ተነሣ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ መብራቱ ጋ ስንደርስ ልጁ አለቀሰ፣ ፊቱ ቀላ፣ እጁን አወራጨ። እጄ ወደ ማሰሪያው ሲሄድ አየሁት። ወደ ወንበሩ ጎን መለስኩትና ቸብ ቸብ አደረግኩለት። እስክንቆም ድረስ አለቀሰ። አልፈታሁትም።